ጋዝ ፈሳሽ ነው

በልጅነቴ ያመንኩትን ነገር በቀላሉ የምለቅ አልነበርኩም። አሁንም አይደለሁም። ሞጆ ደረቅ ወደብ አብረውኝ የሚሠሩት የጉምሩክ ትራንዚተሮች «ሶረቲ ካለች አለች ነው» ይሉኛል፤ ሙገሳ አይመስለኝም። ሥራዬ ዕቃ መመደብ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴነር ሳይከፈት ወረቀቱን አነብና ይህ በዚህ ቁጥር ይግባ፣ ያ በዚያ እላለሁ። በታሪፍ መጽሐፋችን ላምባና የማብሰያ ጋዝ በአንድ ምዕራፍ ሥር ጎን ለጎን ነው ያሉት። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ጣቴ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆማል። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ለእናቴ ነገርኳት።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ከተማዋን ናዝሬት ነበር የሚላት። እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ አረጋሽ ጋዝ ትሸጣለች። ጋዝ ስል ለቡታጋዝ የሚሞላውን፣ ኩራዝ የሚበራበትን ማለቴ ነው። ላምባ የሚሉትም ነበሩ፤ በእኛ ቤት ግን ስሙ ጋዝ ነበር። በራችን ላይ በሦስት ድንጋይ የተቀመጠ ሰማያዊ በርሜል አለ። እናቴ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ትከትና ሌላውን ጫፍ በአፏ ስባ፣ ጋዙ ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ቶሎ ወደ ጣሳው ታዞረዋለች። አንዳንዴ ይቀድማትና ትተፋዋለች። አንድ የሊትር፣ አንድ የግማሽ ሊትር ጣሳ ነበራት፤ ከጣሳው ወደ ሰው ጠርሙስ የምታወርድበት ደግሞ ግማሹ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ። ልብሷ፣ ጸጉሯ፣ የምትቆርስልኝ ዳቦ ሳይቀር ጋዝ ጋዝ ይላል። ለእኔ ግን ያ የእናቴ ሽታ ነበር፤ ክፉ ሽታ መሆኑን የሰማሁት ትምህርት ቤት ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በቆቃ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አላስታውሰውም። ቤታችን ሁለት ሰው ነበርን፣ ሁለታችንም እንበቃለን ብዬ ነበር የማስበው።

የተቀናጀ ሳይንስ የሚያስተምረን ቲቸር ማናሴ ይባላል። ከአርሲ በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። አንድ ነገር ሲያስደስተው በአማርኛው መሀል «ቶሌ» ይላል። ያን ቀን ሰሌዳውን በሁለት መስመር ለሦስት ከፈለውና ከላይ ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ብሎ ጻፈ።

«ጠጣር የራሱ ቅርጽም፣ የራሱ መጠንም አለው» አለ። «ፈሳሽ መጠን አለው፤ ቅርጹን ግን ከተቀመጠበት ዕቃ ይወስዳል። ጋዝ ሁለቱም የለውም። ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል። በሉ ምሳሌ ስጡኝ።»

ሽኩር የሚባለው ልጅ ድንጋይ አለ። ሌላው ወተት አለ። አንዷ ቅቤ ስትል ቲቸር «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብሎ ጠየቃት፤ የአዳማን ሙቀት የምናውቅ ሁሉ ሳቅን፤ ቅቤ በእኛ አገር ጠዋት በቢላ ይቆረጣል፣ እኩለ ቀን ላይ በማንኪያ ይጨለፋል። እኔም ከሌላው ጋር ስቄ ስጨርስ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ጋዝ ፈሳሽ ነው።»

«ጋዝማ ራሱን የቻለ ሦስተኛው ነው፣ ሶረቲ።»

«እናቴ በሊትር ነው የምትሸጠው። መጠን አለው። ቅርጹን ከዕቃው ይወስዳል። ሲደፋም ይፈስሳል።»

ቲቸር ማናሴ ጠመኔውን አስቀመጠና «ቶሌ» አለ። ደስ ብሎት ነበር። አሁን ሳስበው እንደዚያ ያለ ጥያቄ ለአንድ መምህር በዓመት አንዴ ቢመጣለት ነው። «አንቺ የምትይው ላምባን ነው። ላምባ ስሙ ጋዝ ቢባልም ፈሳሽ ነው፤ ልክ ነሽ። ሳይንስ ጋዝ የሚለው ግን የማይታየውን ነው። እንዴት ላስረዳችሁ?» ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከዚያ ዓይኑ እኔው ላይ ተመለሰ። «ሶረቲ ጠዋት ክፍል ስትገባ ዞር ብለን ሳናያት መግባቷን እናውቃለን፣ አይደል? ሽታው ይደርሰናል። ያ የሚሸተን ነው ጋዙ። ከላምባው ተንኖ ክፍሉን የሚሞላው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስሜ ሶረቲ ጋዝ ሆነ። «ልክ ነሽ» ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው። እያለቀስኩ ቤት ገብቼ «ቲቸር ጋዝ ፈሳሽ አይደለም አለ፤ እናትሽ ትሸታለች አለ» ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እንደዚያ አላለም፤ በእኔ ጆሮ የገባው ግን እንደዚያ ነበር።

በዚያው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቲቸር ማናሴ ራሱ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ጎማውን እየሳበች ነበር፤ ደንግጣ አፏ የገባውን መሬት ላይ ተፋች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ሊጣላን የመጣ መስሎኛል።

«አካም ጅርቱ፣ ወይዘሮ አረጋሽ። ማናሴ እባላለሁ፣ የሶረቲ አስተማሪ። ዛሬ ልጅዎን አሳዝኛታለሁ» አለ።

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ።

«ለማስረዳት ብዬ ነው። አፌ ቀደመኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እውነትዎን እኮ ነው» አለች። «እኔም ራሴን ይሸተኛል።» ከዚያ ሳቀች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ንዴቷን የደበቀች መሰለኝ። «ግን መምህር፣ ጋዝ ፈሳሽ ነው።»

«መጽሐፉ አይደለም ይላል» አለ እሱም፤ ድምፁ ተለወጠ።

«መጽሐፉ በርሜል አንከባሎ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ዝም ይበል።»

ግማሽ ሊትር ገዝቶ ሄደ። ጠርሙስ እንኳን አልያዘም ነበር፤ ከእኛ ተውሶ ነው የወሰደው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ጦርነት መታወጁን አወቅሁ። ቂሜም ቦታ አገኘ።

ጦርነቱ የሚካሄደው በእኔ የሳይንስ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነበር። ቲቸር ማናሴ የቤት ሥራዬን ሲያርም እዚያ ገጽ ላይ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋል። እናቴ ቁጥር ታውቃለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ አንባቢዋም ጸሐፊዋም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «ወይዘሮ አረጋሽ፤ ከእርስዎ የገዛሁትን ጋዝ ክዳኑን ከፍቼ ብተወው በሦስተኛው ቀን ጎድሏል። የት ሄደ? ተንኖ ጋዝ ሆኖ ነው።»

እናቴ ጣሳዋን እያጠበች አሰበችና «እንዲህ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። «ማን ክፈቱት አለዎት? ያላገባ ሰው ዕቃ መክደን አይችልም።»

ይህን ስጽፍ የተሰማኝን ኩራት አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከባድ ስድብ ነበር የመሰለኝ፤ አፉን የሚዘጋ። በማግስቱ መልሱ መጣ፤ «የሚከድንልኝ ሰው ስለሌለ ነው።» ሽንፈቱን አመነ ብዬ እየሮጥኩ መጥቼ አነበብኩላት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጎማውን ስታጥፍ ቆየች፤ ጎማው ታጥፎ ካለቀ በኋላም።

እንዲህ እየተባባሉ ክረምቱ ሊገባ ደረሰ። እሱ በሁለት በሦስት ቀን ግማሽ ሊትር ሊገዛ ይመጣል። እኔ ምርምር የሚያደርግበት ይመስለኝ ነበር፤ ማስረጃ የሚሰበስብ። አንድ ብቻውን የሚኖር፣ አንድ ምድጃ ያለው ሰው በሳምንት ያን ያህል ጋዝ ምን እንደሚያደርግለት ለመጠየቅ የደረስኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ጎረቤታችን ከሰል የምትሸጠው እትዬ ፋዲላ ግን ያኔውኑ ጠይቃለች።

«አረጋሽ፣ ይሄ መምህር ጋዙን ይጠጣዋል እንዴ?»

«ደንበኛ ነው፤ ምን ልበለው?» ትላለች እናቴ።

«ደንበኛስ ከሰልም ይገዛ ነበር።» እትዬ ፋዲላ ድምጿን ትቀንሳለች፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬን እጨምራለሁ። «ጴንጤ ነው አሉ።»

«ጋዝ የሚገዛ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም።»

«አሁን ጋዝ ይገዛል። ነገስ?»

«የነገውን ነገ።»

ነገ የሚገዛው ምን እንደሆነ ብዙ ቀን አሰብኩበት። ሳሙና ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን እናቴ በርሜሉን ወደ ጥላው ለማንከባለል ስትታገል ቲቸር ማናሴ ደረሰ። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ አብሯት ገፋ። የእሷ እጅና የእሱ እጅ በርሜሉ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ፤ በርሜሉ ቦታው ከደረሰ በኋላም ሁለቱ እዚያው እንደተደገፉ ቆሙ። «ይከብዳል» አለ እሱ። «ፈሳሽ ስለሆነ ነው» አለች እናቴ። «ጋዝ ቢሆን ኖሮ በሮ ነበር።» ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከጠላት ጋር መሳቅ ምን ይባላል? እናቴ እየተታለለች መሰለኝ፤ አንድ ቀን በሳቁ መሀል «እሺ፣ ጋዝ ፈሳሽ አይደለም» ብላ እጅ እንዳትሰጥ ፈራሁ። እሷ እጅ ከሰጠች ሶረቲ ጋዝ የሚለው ስም እውነት ሊሆንብኝ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ካርድ ሊሰጠን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመጨረሻው ጽሑፍ መጣ። ሌሎቹ በጥድፊያ የተጻፉ ነበሩ፤ ይሄኛው በጥንቃቄ፣ በሰማያዊ ብዕር ተጽፏል። በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ወይዘሮ አረጋሽ፤ ተሸንፌያለሁ። ወደ ዝዋይ ተቀይሬያለሁ፤ መኪናዬ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብሄድም ብቀርም በእርስዎ ቃል ነው። ማናሴ።»

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ፍራንኮ ድረስ በሩጫ ነው የመጣሁት። አቧራው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ አላገደኝም። «እማዬ፣ ተሸነፈ! አሸነፍን!» ብዬ ገባሁ። አነበብኩላት። እናቴ በርሜሉ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

«እስኪ ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩላት። «ተሸንፌያለሁ» የሚለውን ጮክ አድርጌ፣ ስለ ዝዋይ የሚለውን ቶሎ ቶሎ። የተሸነፈ ሰው አገር ለቆ መሄዱ ተገቢ ነበር የመሰለኝ፤ «በእርስዎ ቃል ነው» የሚለውም ከአሸናፊ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። እናቴ በእጇ ጀርባ ከንፈሯን ጠረገች፤ ጋዝ ግን አልነበረበትም።

«ደብተርሽን አምጪ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤ እኔም ተሸንፌያለሁ። በቃ። ሌላ እንዳትጨምሪ።»

«እማዬ፣ እኛ እኮ ነን ያሸነፍነው።»

«ያልኩሽን ጻፊ፣ የኔ እናት።»

«ጋዝ ፈሳሽ ነው አይደል?»

«ነው። አንቺ ግን ያልኩሽን ጻፊ።»

ደብተሬን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ዓመቱን ሙሉ የተዋጋሁት፣ የተሰደብኩት፣ ያነበብኩት የጻፍኩት ለዚህ ነው? ሰውየው ገና እጁን ሲሰጥ እሷም እጅ ልትሰጥ? እናቴ ደክሟታል፣ ስለ ክብሯ እኔ ላስብላት ይገባል አልኩ። ብዕሬን አነሳሁና በሚያምር ጽሑፌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «እንኳን አወቁት። ጋዝ ፈሳሽ ነው። በሰላም ይሂዱ።»

የመጨረሻዋን ያከልኳት ለጨዋነት ነው። ያሸነፈ ሰው መልካም መሆን አለበት ብዬ።

ካርድ በተሰጠ ቀን ደብተሩን ሰጠሁት። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ሲያነበው አይቻለሁ፤ ያየሁትን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ይህን ያህል ነገር አልመሰለኝም። ሦስተኛ ወጥቼ ነበር፣ ሐሳቤ ካርዴ ላይ ነበር።

ቅዳሜ እናቴ ሱቁን አልከፈተችም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ታማ እንኳን ቅዳሜ ትከፍት ነበር። ከማለዳ ውሃ አሙቃ ገላዋን ታጠበች፣ ጸጉሯን በሎሚ አጠበች፣ አጥባ አጥባ አሸተተችው። ቢጫ ቀሚሷን ለበሰችና በሩ ላይ ተቀመጠች። ድሉን እያከበረች መሰለኝና እኔም የበዓል ጫማዬን አደረግሁ። ጠርሙስ ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ «ዛሬ አልሸጥም» እያለች መለሰችው። ጠዋቱ አለፈ። ወደ ዝዋይ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ጥላው ከበሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። አስር ሰዓት ላይ ተነስታ ቀሚሷን አወለቀች፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው፣ ሽርጧን አስራ ጎማውን አነሳች።

«ዛሬ አልሸጥም አላልሽም?» አልኳት።

«አሁን እሸጣለሁ» አለች።

ከአንድ ሳምንት በኋላ የቲቸር ማናሴ አከራይ፣ መምህሩ የለቀቀውን ክፍል ሲያጸዳ ከአልጋው ሥር እስከ አፋቸው የሞሉ ሦስት ጀሪካን ጋዝ አገኘና ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው፤ ቤቴን ሊያቃጥል ነበር ብሎ። ወሬውን ያመጣችው እትዬ ፋዲላ ናት። እናቴ ሰምታ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተበላሸ፤ ጋዝ ዓይኔ ገባ ብላ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

«ይብላኝላት» አለች እትዬ ፋዲላ ለራሷ። እናቴ ስትመለስ ደግሞ «ተይው፣ አረጋሽ። ወንድ የሚለፋው እስኪያሸንፍ ነው። አሸነፍከኝ ካልሽው በኋላ ምን ሊቆም?» አለቻት።

«አላሸነፈም እኮ» አልኩ እኔ። «እኛ ነን ያሸነፍነው።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እናቴ «ሂጂ ተጫወቺ» አለችኝ። እንደዚያ በቀስታ ተናግራኝ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ስሙ በቤታችን አልተነሳም። እናቴ ሌላ ሰው አላገባችም። በዚያው ክረምት ማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «የራሴን ነገር ራሴ ላንብ» ብላኛለች። ከእኔ ደብተር ያነበበችው ነገር የለም፤ የጻፍኩበትን ገጽ እሱ ቀዶ ወስዶታል።

ያደረግሁትን ያወቅሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ልጅ፣ አብሮኝ የሚያጠና፣ በምሳ ሰዓት ካፌ ውስጥ ሻዩን እያማሰለ «ሶረቲ፣ በቃ ተሸንፌልሻለሁ» አለኝ። ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። ልጁ በእሱ ፍቅር የደነገጥኩ መስሎት ደስ አለው። እኔ ግን ያየሁት ዱካ ላይ የተቀመጠችውን እናቴን ነበር። ቃሉን እኮ አውቀው ነበር። ያወቅሁት ግን ከኳስና ከጠብ ነው፤ ሰው ወድዶ እንደሚሸነፍ ማን ነግሮኝ ያውቃል? ያን ቀን ሄጄ ልነግራት ይገባ ነበር። ፈራሁ። ከዓመት ዓመት ሳስተላልፈው ደግሞ ለመናገር የበለጠ ከበደኝ። ልጅ ሆኜ ያጠፋሁትን ይቅር ማለት ይቻላል፤ ትልቅ ሆኜ አስራ አንድ ዓመት ዝም ያልኩበትን ግን ምን ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ በመጋቢት ወር፣ አንድ የአበባ እርሻ ደንበኛችን ወረቀት ጎድሎበት ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ ሄድኩ። መታወቂያዬን ኮፒ ላደርግ ሐይቁ መንገድ ላይ ያለች ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገባሁ። ከማሽኑ ኋላ ያለው ሽበታም ሰውዬ መታወቂያውን መስታወቱ ላይ ሊያደርግ ሲል አነበበውና ቆመ።

«ሶረቲ» አለ። «የወይዘሮ አረጋሽ ልጅ?»

ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

ባለቤቱን ጠራት። ሙሉብርሃን ትባላለች፤ ደርባባ፣ ሳቂታ ሴት ናት። «ያቺ ጋዝ ፈሳሽ ነው ብላ የረታችኝ ልጅ ይቺውልሽ» አላት። ሙሉብርሃን ወሬውን ከዚህ በፊት ሰምታው ኖሮ እየሳቀች ወንበር ሰጠችኝ፣ ለስላሳ ከፈተችልኝ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ መምህር መሆን ይፈልጋል። ቲቸር ማናሴ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ዕቃ እመድባለሁ ስለው «ቶሌ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሙሉብርሃን ደንበኛ ልታስተናግድ ዞር ስትል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽስ ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

«ጨዋ ሴት ናቸው። በሰላም ይሂዱ ብለው ነው የሸኙኝ።»

ይህን ሲል ቅሬታ አልነበረበትም። ከአፌ ሊወጣ የደረሰውን ነገር ሙሉብርሃን ከለስላሳው ጋር ብስኩት ጨምራ ስታመጣ አየኋትና ዋጥኩት። ለእሱ ብነግረው የምከፍተው የእነሱን ቤት ነው። ለአንድ ሰው ግን መናገር ነበረብኝ።

በዚያው ቀን ወደ ሞጆ ሳልመለስ አዳማ ወረድኩ። እናቴ ጋዝ መሸጥ ካቆመች ቆይታለች፤ ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ዞሯል። አሁን ፈሳሽ ሳሙና በሊትር ትሸጣለች። ስደርስ ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንንሹ እያወረደች ነበር። ቁጭ ብዬ፣ ሳላስተካክል፣ ከመጨረሻው ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ቲቸር ማናሴን አገኘሁት። ያን ጊዜ ጻፊ ያልሽኝን አልጻፍኩም።»

ሳሙናው መውረዱን ቀጠለ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«እንኳን አወቁት፣ ጋዝ ፈሳሽ ነው፣ በሰላም ይሂዱ።»

ጀሪካኑን ቀና አድርጋ አቆመችው። እጇ ላይ የቀረውን አረፋ በሽርጧ ጠረገች። እኔ አለቅስ ነበር፤ አስራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ለቅሶ። ባለትዳር መሆኑን፣ ልጆቹን፣ ሚስቱ ደግ መሆኗን ነገርኳት። እሱን የሰማችው አልመሰለኝም።

«እኔ» አለች በመጨረሻ፣ «ተሸንፌያለሁ ብዬው የናቀኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት። አንዲት መበለት ራሷን ሰጠችው፣ እሱ ደግሞ መኪናውን ተሳፍሮ ሄደ። የላክሁትን ለፋዲላ ብነግራትም አልቅሼ አላሳየኋትም። ሃያ ዓመት አፍሬ።»

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ቆይ።» እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «ሲያነበው አየሽው?»

«አየሁት።»

«ምን ሆነ?»

ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። አንብቦ ሲጨርስ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ የእኛ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ ማለቱን፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ መድረሱን። «እናትሽ ራሳቸው ናቸው ያሉሽ?» ብሎ መጠየቁን። አዎ ማለቴን። እንደገና አንብቦ «ራሳቸው? እንዲህ ብለው?» ማለቱን። አዎ ማለቴን። ከዚያ ገጹን በጥንቃቄ ቀዶ፣ አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተውና ቁልፉን ቆለፈበት።

እናቴ ነጠላዋን አነሳችና ፊቷን ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ተነስቼ ልይዛት ስል ገለጥ አደረገችው፤ ዓይኗ ረጥቧል፣ ፊቷ ግን ቢጫ ቀሚሷን የለበሰች ዕለት ጠዋት የነበረው ፊት ነው።

«ሁለቴ ጠየቀሽ?»

«ሁለቴ።»

«አንዴውም ይበቃኝ ነበር» አለች።